ከደብዳቤው ሥር የተደበቀው ትእዛዝ

በጽሕፈት ፕሮግራሞች ውስጥ የተገኘው የደኅንነት ክፍተት ታሪክ

ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተ ሰሜን፣ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ የዐባያን ሐይቅ ምዕራባዊ ሜዳ ተንተርሳ የምትገኘው ላንቴ በሙዝ ምርቷ የታወቀች ናት። በጭነት መኪና እየተጫነ ወደ መሐል አገር ገበያ ከሚጓዘው ሙዝ ጋር፣ አንዳንድ ጊዜም ከሙዙ ቀድሞ፣ ወረቀት ይጓዛል። የማኅበር የዕቃ መጠየቂያ፣ የቀበሌ መሸኛ፣ የመስኖ ተራ ስም ዝርዝር፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ሁሉም በጽሑፍ ካልሆነ አይታመንም።

አንድ ደብዳቤ በመሥሪያ ቤት ዘንድ ይታመን ዘንድ የሚፈለግበት ነገር የታወቀ ነው። ከራስጌው ቁጥርና ቀን፣ ከመካከሉ «ጉዳዩ» የሚል መስመር፣ ከግርጌው ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማኅተም፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ግልባጭ የሚደርሳቸው ክፍሎች ስም ይሰፍርበታል። መዝገብ ቤቱ ይህን አይቶ ይቀበላል፤ ማኅተም የጐደለውን ይመልሳል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አንድ ያልተነገረ እምነት ከሥሩ አለው፤ ይኸውም ወረቀት ይነበባል እንጂ በራሱ አንዳች ሥራ አይሠራም የሚለው ነው። የሐሰት ደብዳቤ አንባቢውን ሊያሳስት ይችላል። ነገር ግን ከፖስታው ወጥቶ በሌሊት መሳቢያ አይከፍትም፤ የሌላውን ደብዳቤ ገልብጦ ለባዕድ አይልክም።

ደብዳቤ ከወረቀትነት ወደ ኮምፒዩተር ፋይልነት በተለወጠ ጊዜ ይህ እምነት ፈረሰ። መፍረሱ ግን በአንድ ቀን የሆነ አልነበረም፤ ብዙ ሰውም ሳያውቀው ቀርቷል። ዛሬም በፍላሽ ወይም በኢሜይል የሚመጣ ደብዳቤ ሲከፈት፣ የከፈተው ሰው የሚያስበው ማንበብ መጀመሩን ነው። ኮምፒዩተሩ ግን በዚያው ቅጽበት ደብዳቤው የያዘውን ትእዛዝ መፈጸም ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒዩተር

የግዕዝን ፊደል ከመኪና ጋር ለማስማማት የተደረገው ጥረት ረጅም ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለማስገኘት የደከሙት ድካም የሚዘነጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት ደግሞ ኢትዮጵያዊው የኮምፒዩተር ባለሙያ ፍስሐ አጥላው ፊደላችን በኮምፒዩተር እንዲጻፍ ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዱ ሆኑ። ከእርሳቸውም በኋላ ሌሎች ባለሙያዎች ልዩ ልዩ የፊደል ዓይነቶችን እያወጡ ለሥራ አዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲያጠቃልል፣ እያንዳንዱ ፊደል በማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር አገኘ።

ከዩኒኮድ በፊት የነበረው አሠራር ግን ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጦ የሚያሳይ ነበር። እንዲህ የተጻፈ ደብዳቤ የፊደሉ ዓይነት ወደሌለበት ኮምፒዩተር ሲወሰድ ትርጉም አልባ የላቲን ምልክት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህም የቆየ መዝገብ ያለው ጽሕፈት ቤት የቆየውን ኮምፒዩተር፣ የቆየውን ፕሮግራምና የቆየውን ፊደል እንደ ነበሩ ማቆየትን ይመርጣል። «የሚሠራውን አትንኩት» የሚለው ብልኀት ከዚህ ይወለዳል። ብልኀቱ መዝገቡን ከጥፋት ያድናል፤ ነገር ግን ከአሮጌው ፕሮግራም ጋር አሮጌውን ቀዳዳም አብሮ ያቆያል።

ማክሮ፦ ለአገልግሎት የተከፈተ በር

ማይክሮሶፍት ዎርድ የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። መጀመሪያ ላይ የፕሮግራሙ ሥራ የጽሕፈት መኪናን መተካት ነበር። ቀጥሎ ግን የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች በየቀኑ የሚደጋግሙትን ሥራ፣ ማለትም ቀን መጻፍን፣ ሠንጠረዥ መደመርን፣ አንዱን ደብዳቤ ለመቶ ሰው በየስሙ ማዘጋጀትን፣ ኮምፒዩተሩ ራሱ እንዲሠራው ተፈለገ። ለዚህም ማክሮ የሚባል አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ በደብዳቤው ውስጥ እንዲቀመጥ ተፈቀደ።

የስሕተቱ ሥር እዚህ ላይ ነው። ማክሮ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የብዙ ሰው ድካም ያቀለለ መሣሪያ ነው። ጥፋቱ የሚነበበው ቃልና የሚፈጸመው ትእዛዝ በአንድ ፖስታ እንዲታሸጉና ፖስታው ሲከፈት ሁለቱም አብረው እንዲወጡ መደረጉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ኮንሴፕት የተባለው የማክሮ ቫይረስ ታየ። ይህ ቫይረስ ከመባዛት በቀር ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሰም። ያረጋገጠው ነገር ግን ከባድ ነበር። እስከዚያን ጊዜ ድረስ ባለሙያው ለተጠቃሚው ይሰጠው የነበረው ምክር «የማታውቀውን ፕሮግራም አታስነሣ፤ ጽሑፍ መክፈት ግን አያሰጋም» የሚል ነበርና፣ የምክሩ ሁለተኛ ክፍል ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሐሰት ሆነ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 1999፣ ሜሊሳ የተባለው ቫይረስ ተለቀቀ። ይህም በዎርድ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ማክሮ ሲሆን፣ ጽሑፉ በተከፈተ ጊዜ በኢሜይል ማውጫው ውስጥ ወዳገኛቸው የመጀመሪያ 50 አድራሻዎች ራሱን ይልክ ነበር። ተቀባዩ ደብዳቤው ከሚያውቀው ሰው ስለ ደረሰው ያለ ሥጋት ይከፍተዋል። በዚህ ዐይነት ታላላቅ ድርጅቶች የኢሜይል አገልግሎታቸውን ለመዝጋት ተገደዱ። የቫይረሱ ሠሪ ዴቪድ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2002 የ20 ወር እስራት ተፈረደበት። ሜሊሳ ያስተማረው ትምህርት ቴክኒክ ብቻ አልነበረም፤ በላኪው ስም መታመን ከእንግዲህ በቂ ማረጋገጫ አለመሆኑንም አሳየ።

አምራቹ ኩባንያ ማክሮ ከመነሣቱ በፊት ተጠቃሚውን የሚጠይቅ ማስጠንቀቂያ አስገባ። ሆኖም ሥራው የተቻኰለበት ሰው ጥያቄው ምን እንደ ሆነ ሳያይ «ፍቀድ» የሚለውን ይጫናል። አጥቂዎችም ይህን ስለሚያውቁ በጽሑፉ ራስጌ ላይ «ይህን ለማንበብ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» ብለው ይጽፋሉ። ከኢንተርኔት የመጣ ጽሑፍ የያዘው ማክሮ ተጠቃሚው ሳይጠየቅ እንዲታገድ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ከኮንሴፕት እስከዚህ ውሳኔ 27 ዓመት አለፈ።

የፊደል ስም የከፈተው ቀዳዳ

ሁለተኛው ዐይነት ክፍተት ከማክሮ ይለያል፤ ምክንያቱም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅምና። ይህ ፕሮግራሙ ሲሠራ ከተፈጠረ ስሕተት የሚመጣ ነው።

የሒሳብ ቀመር መጻፊያ የሆነችው ትንሽ ፕሮግራም ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ትሆናለች። ኢኳሽን ኤዲተር የተባለችው ይህች ፕሮግራም ከዎርድ ጋር አብራ ትሰጥ የነበረች ስትሆን፣ መሐንዲሶችና የሒሳብ መምህራን በእጅጉ ተገልግለውባታል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ኤምቤዲ የተባለ ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 የተዘጋጀው የዚህች ፕሮግራም ቅጂ ምንም ሳይለወጥ 17 ዓመት እንደ ቆየና ከባድ ጉድለት እንዳለበት ገለጡ። ጉድለቱ ሲቪኢ-2017-11882 የሚል መለያ ተሰጠው።

የጉድለቱ ጠባይ በመዝገብ ቤት ምሳሌ ሊገለጽ ይችላል። አንድ ጸሐፊ የፊደሉን ዓይነት ስም የሚጽፍበት የተወሰነ ርዝመት ያለው ባዶ ቦታ በመዝገቡ ላይ አለው ይባል። ከዚያ ቦታ ቀጥሎ ባለው ዐምድ «ይህን ከጨረስህ በኋላ ወደዚህ ገጽ ሂድ» የሚል የአለቃ ትእዛዝ ተጽፏል። ጸሐፊው የስሙን ርዝመት ሳይለካ የተሰጠውን ሁሉ ይገለብጣል። ተንኰለኛ ሰው ከቦታው የሚተርፍ ረጅም ስም ቢያቀርብለት፣ ትርፉ ወደ ቀጣዩ ዐምድ ፈስሶ የአለቃውን ትእዛዝ ይሸፍንና የተንኰለኛው ትእዛዝ በቦታው ይተካል። ጸሐፊውም ትእዛዙ የአለቃው መስሎት ይፈጽማል። በኢኳሽን ኤዲተር የሆነው ይኸው ነው። ፕሮግራሟ የፊደሉን ስም ርዝመት አትለካም ነበር።

ኩባንያው በኅዳር 2017 ማስተካከያ አወጣ። ነገር ግን ሌላ ተመሳሳይ ጉድለት ስለ ተገኘ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ፕሮግራሟን ከነጭራሹ አስወገዳት። የመጠገኛው ወጪ ከጥቅሙ የበለጠበት አሮጌ ድልድይ እንደሚፈርስ ያህል ነው።

ይህ ዐይነቱ ጉድለት ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 2012 ማስተካከያ የወጣለት ሲቪኢ-2012-0158፣ እንዲሁም በሚያዝያ 2017 የተስተካከለው ሲቪኢ-2017-0199፣ ሁለቱም አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ሥራ በጽሑፍ ውስጥ እንዲያስገባ ከሚያስችለው ኦኤልኢ ከተባለው ዘዴ ጋር የተያያዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ፎሊና የሚል ስም የተሰጠው ጉድለት ታየ። ይህም ያለ አንዳች ማክሮ የዊንዶውስን የችግር መመርመሪያ መሣሪያ በዎርድ ጽሑፍ አማካይነት የሚያስነሣ ነበር።

በኢትዮጵያውያን ላይ የደረሰው

እስከዚህ የተነገረው የሩቅ አገር ታሪክ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዓለም ላይ በሕግ ፊት ከቀረቡት የዚህ ዐይነት ጉዳዮች ሁሉ ከታወቁት አንዱ የኢትዮጵያውያን ነው።

በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚኖር፣ በኢትዮጵያ የተወለደ አንድ የአሜሪካ ዜጋ ኪዳኔ በሚል ስም ክስ መሠረተ። የራሱን ስም ያልገለጠው በቤተ ሰቡ ላይ ችግር እንዳይመጣ በመሥጋት ነው። በክሱ እንደ ተዘረዘረው፣ ነገሩ የተጀመረው ከሚያውቀው ሰው ተላልፎ በደረሰው ኢሜይል ላይ በተያያዘ የዎርድ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ሲከፈት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ላይ ተተከለ። ከጥቅምት 2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. ድረስም ፕሮግራሙ በስካይፕ ያደረጋቸውን ንግግሮችና ሌላውን የግል ሥራውን እየቀዳ በኢትዮጵያ ወደሚገኝ አድራሻ ይልክ እንደ ነበር ክሱ ይገልጣል። ኮምፒዩተሩ የቤተ ሰቡ ሁሉ መገልገያ ነበር።

በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ የተባለ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 2013 ባወጣው ዘገባ ፊንስፓይ የሚገለገልባቸውን አድራሻዎች በልዩ ልዩ አገሮች ማግኘቱን ሲያስታውቅ፣ ከእነዚህ አንዱ በኢትዮጵያ ያለ መሆኑን ጨምሮ ገልጦ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ በኪዳኔ ኮምፒዩተር ላይ ያለው ፕሮግራም ሥራውን አቆመ።

ክሱ እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2014 በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ቀረበ። የኢትዮጵያ መንግሥት ጠበቆች አንድ ሉዓላዊ መንግሥት በሌላ አገር ፍርድ ቤት ሊከሰስ አይችልም ሲሉ ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 2016 ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2017 ውሳኔውን አጸና። ምክንያቱም ሕጉ ለመክሰስ የሚፈቅደው ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ እንደ ሆነ ብቻ ስለ ሆነና፣ የዚህ ድርጊት ሐሳብና የፕሮግራሙ አላላክ ከአሜሪካ ውጭ የተጀመረ ነው በመባሉ ነው። ስለዚህም ድርጊቱን ማን ፈጸመው የሚለው ፍሬ ነገር ማስረጃ ተሰምቶበት ሳይፈረድ ቀረ።

ይህ ፍርድ ለመሐንዲስ ሊያሳስበው የሚገባ ነገር ይዟል። ሕጉ የተጻፈው ሰው በአካል ድንበር ተሻግሮ ጥፋት በሚሠራበት ዘመን አስተሳሰብ ነው። ደብዳቤው ግን ማንም እግር ሳያነሣ ቤት ገባ፤ የጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ወራት ሙሉ አዳመጠ። ሕጉ ሊይዘው ያልቻለውን አስቀድሞ ሊይዘው ይችል የነበረው የፕሮግራሙ አሠራር ብቻ ነበር።

ይህ ጉዳይ ብቻውን አልቀረም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2013 በውጭ አገር ይሠራ የነበረው የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጽሑፍ የሚመስል ፋይል በስካይፕ እንደ ተላከላቸው ሲትዝን ላብ በየካቲት 2014 ዘገበ። በፋይሎቹ የተሸሸገው ሃኪንግ ቲም የተባለ የኢጣልያ ኩባንያ ለመንግሥታት የሚሸጠው የስለላ ፕሮግራም ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 የዚሁ ኩባንያ የውስጥ መዝገብ በሌሎች ተሰርቆ ለዓለም ሲገለጥ፣ ከደንበኞቹ መካከል የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ይገኝ እንደ ነበር ታየ። የሰውን ምስጢር በመክፈት የሚነግደው ኩባንያ የገዛ ምስጢሩን መጠበቅ አለመቻሉ የቀዳዳን ጠባይ ያስረዳል። ቀዳዳ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ለአንዱ ተብሎ ሳይደፈን የቀረ ቀዳዳ ለሁሉም ክፍት ነው።

አሮጌ ቀዳዳ ለምን አይደፈንም

ብዙ ሰው አጥቂ የሚገባው ማንም በማያውቀው ረቂቅ ዘዴ ይመስለዋል። መዝገቡ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤትና የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 በጋራ ባወጡት ማስታወቂያ፣ ከ2016 እስከ 2019 ድረስ በብዛት የተጠቁትን አሥር ጉድለቶች ዘርዝረዋል። በመንግሥታት የሚደገፉ አጥቂዎች አዘውትረው የተጠቀሙባቸው ሦስቱ ከላይ የተጠቀሱት ሲቪኢ-2017-11882፣ ሲቪኢ-2017-0199 እና ሲቪኢ-2012-0158 ናቸው። የመጨረሻው በዝርዝሩ ሲገኝ ማስተካከያው ከወጣ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። ማለትም መድኃኒቱ ተገኝቶ ሳለ በሽተኛው አልወሰደውም።

ምክንያቱ በአገራችን ጽሕፈት ቤቶች ለሚሠራ ሰው አዲስ አይደለም። ፕሮግራሙ ፈቃድ ሳይገዛ ከፍላሽ ላይ የተጫነ ሲሆን፣ አፕዴት የሚባለው ማደሻ ሥራውን ያቋርጥብናል ተብሎ ይዘጋል። ኢንተርኔቱ ውድ ወይም ዘገምተኛ ሲሆን ማደሻው ይዘለላል። ከላይ እንደ ተባለውም የቀድሞ ፊደል መዝገብ አሮጌውን ፕሮግራም ያስይዛል። በመጨረሻም አምራቹ ራሱ ዕድሜ ይወስናል። ለኦፊስ 2010 የሚሰጠው ማስተካከያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020፣ ለኦፊስ 2016 እና 2019 የሚሰጠው ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ቆሟል። ከዚያ በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ ለዘወትሩ ተጠቃሚ አይደፈንለትም።

ፈቃድ መግዛት ላልቻለ ክፍል ሊብረ ኦፊስን የመሰሉ ያለ ክፍያ የሚገኙ ፕሮግራሞች በሕጋዊ መንገድ የሚታደሱ በመሆናቸው የተሻሉ ናቸው። ይሁንና እነርሱም ከጉድለት ነጻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2019 በሊብረ ኦፊስ ውስጥም ጽሑፍ በመክፈት ትእዛዝ ሊያስፈጽም የሚችል ጉድለት መኖሩ ተገልጧል። ከፕሮግራሙ ስም ይልቅ የሚታደስ መሆን አለመሆኑ ይበልጣል።

የባለሙያው ድርሻ

በሕግ በኩል የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚይዝ ክፍል የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን አዋጅ የሚደርሰው ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ የኪዳኔም ጉዳይ እንዳሳየው አንዳንድ ጊዜ ከቶ አይደርስም።

ከጥፋቱ በፊት ያለው ሥራ የባለሙያው ነው። ሥራውም ውስብስብ አይደለም። ፕሮግራሙ በየወሩ ይታደስ፤ ዕድሜው ያለፈው ይነሣ። የቀድሞ ፊደል መዝገብ ወደ ዩኒኮድ ይገልበጥ፤ እስኪገለበጥ ድረስ አሮጌው ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ተለይቶ ለብቻው ይቀመጥ። ከውጭ የመጣ ጽሑፍ ለንባብ ብቻ በሚከፍተው ዘዴ ይከፈት፤ ማክሮ የማያስፈልገው ክፍል ማክሮን ጨርሶ ይዝጋ። የመዝገብ ግልባጭም ከኮምፒዩተሩ ውጭ ይቀመጥ።

ከሁሉም በላይ ግን የቀድሞው የመዝገብ ቤት ጥበብ መመለስ ይገባዋል። ከላንቴ አንድ የማኅበር ደብዳቤ በኢሜይል አርባ ምንጭ ይደርሳል እንበል። በጽሑፉ ላይ የሚታየው ክብ ማኅተም ሥዕል ነው፤ ሥዕልን ማንም ይገለብጠዋል። ጸሐፊዋ ጽሑፉን ከመክፈቷ በፊት በምታውቀው ስልክ ደውላ «ይህን ደብዳቤ ልካችኋል ወይ?» ብላ ብትጠይቅ፣ የምትሠራው ሥራ አለቆቿ ማኅተምን ወደ ብርሃን አቅርበው ይመለከቱ ከነበረው የተለየ አይደለም። በመሥሪያ ቤቱ ያለው መሐንዲስ ደግሞ ጥያቄዋን ሥራ እንደሚያጓትት ነገር ቆጥሮ ሊያፍንባት አይገባም። የጽሕፈት ፕሮግራም ሠሪዎች የፊደሉን ስም ርዝመት መለካት ረስተው 17 ዓመት ቈይተዋልና፣ ከመክፈቷ በፊት ለመለካት አንድ ደቂቃ የወሰደችው ጸሐፊ ከእነርሱ የተሻለች መሐንዲስ ናት።